ስለት የበላች እናት

ለተሥላሴ እግሯ እየተቃጠለ መሆኑን ያወቀችው ከጠረኑ ነው።

ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ያለችው ምግብ ቤቷ በዚያ ቀን በሰው ጢም ብላ ነበር። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። በጾም ደግሞ የቢሮውም፣ የገበያውም፣ የቤተ ክህነቱም ሰው እግሩ የሚመራው ወደ እሷ ቤት ነው። ሽሮው በሸክላ ይንተከተካል፤ ስልጆው፣ እልበቱ፣ የሱፍ ፍትፍቱ በየሳህኑ ተደርድሯል። እሷ ምድጃው አጠገብ ቆማ ቃሪያ ስትሰነጥቅ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተታት።

«ምንድን ነው የሚያረው?» ብላ ዙሪያዋን ቃኘች።

ያየችው አብራት የምትሠራው ይታየሽ ናት። «እትየ ለተ! እግርሽ! ኧረ እግርሽን!»

ከምድጃው የወደቀ ፍም የፕላስቲክ ጫማዋን በስቶ አውራ ጣቷ ሥር ገብቷል። ይታየሽ በጆግ የነበረውን ውኃ ደፍታ ጫማውን ስትጎትተው ቆዳው አብሮ ተነሣ። ለተሥላሴ ቁልቁል አየችው። የሌላ ሰው እግር የምታይ መሰላት። አንዳች ሕመም አልተሰማትም። ይታየሽን ያስለቀሳትም መቃጠሏ ሳይሆን አለማመሟ ነበር።

ነገሩ ድንገት የመጣ አልነበረም። ከመስከረም ጀምሮ እግሯ ጥጥ ላይ የምትራመድ ያህል ይደነዝዝ ነበር። ምላሷ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ጨው ሲነካው ይለበልባታል። የለመደቻቸው ደንበኞች ስም ይጠፋባታል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሁለቴ ተደናቅፋ ወድቃ፣ «ድንጋዩ ነው» ብላ ተነሥታለች። ለሚጠይቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፤ «ዕድሜ ነዋ! ምን ይደረግ!» ዕድሜዋ ግን እንዲህ የሚያንገዳግድ አልነበረም።

የዚህን ሁሉ ሥር ለማወቅ ወደ ጦርነቱ ጊዜ መመለስ ያስፈልጋል።

ለተሥላሴ የጋዝጊብላ ገጠር ልጅ ናት። ያደገችው ፍየልና ላም በሞላበት ደጅ፣ በወተት ነው። ኪዳኑን አግብታ ሰቆጣ ገባች፤ እሱ በወጣትነቱ ሲሞትባት አንድ ልጇን ወንዳወቅን ይዛ ምግብ ቤት ከፈተች። ያን ጊዜ ቤቷ የምትታወቀው በዶሮ ወጧና በፍየል ጥብሷ ነበር። ከወልድያ የሚመጣ ሾፌር «የለተን ጥብስ ሳልቀምስ አላድርም» ይል ነበር ይባላል። እሷም ራሷ ጾሙ ሲፈታ እንደማንኛውም ሰው በልታ የምትጠግብ፣ የዶሮ መላላጫ የምትወድ ሴት ነበረች።

ጦርነቱ ሲመጣ ወንዳወቅ በጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ወደ ወልድያ ወርዶ ነበር። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቋረጠ። መጀመሪያ «ደኅና ነው» የሚል ወሬ መጣ፤ ቀጥሎ «መኪናው ተመትቷል» የሚል መጣ፤ ከዚያ ወሬውም ቀረ። ለተሥላሴ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ሄዳ በግንባሯ ተደፋች። የልጅነት ቋንቋዋ የሚመጣላት ሲጨንቃት ነው። በኽምጣንጋ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው፤ «እመቤቴ፣ ልጄን መልሽልኝ እንጂ ሥጋም ሆነ ወተት፣ ቅቤም ሆነ እንቁላል እስክሞት ድረስ ከአፌ አይገባም።»

ወንዳወቅ ተመለሰ። ከስቶ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ባዶ እግሩን በጋዝጊብላ በኩል አቆራርጦ መጣ። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ እሪ አለች። ሰፈሩ ፍየል አርዶ ሲበላ እሷ በዳቦና በቃሪያ ደስታዋን አከበረች። ማንም ልብ አላለም። ስለቷን ለልጇ አልነገረችውም፤ ለንስሐ አባቷም አልነገረችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ወጥቷል፣ የሚመክርበት ሰው ምን ያደርጋል አለች። የምታውቀው ይታየሽ ብቻ ናት፤ እሷም የሰማችው አብራት ደጅ ቆማ ስለነበር ነው።

ሥጋ የማይቀምስ ሰው ሥጋ መሥራት አይሆንለትም። የጨውን ልክ በምን ያውቃል? ስለዚህ ጥብሱን ተወች፤ ቤቷ ቀስ በቀስ የጾም ምግብ ቤት ሆነች። የሚገርመው፣ ይኸው ስም አወጣላት። አዘውትረው የሚመጡት መሪጌታ ኤርምያስ እጃቸውን በታጠቡ ቁጥር፣ «ጥሉላት የማይነካ እጅ ሽሮው እንኳ ይባረካል» ይሉ ነበር። ለተሥላሴ ይህን ስትሰማ አንገቷን ትደፋለች። ደስታም ነበረበት፤ አንገት መድፋት ሁሉ ትሕትና አይደለም።

እግሯ የተቃጠለ ዕለት ወንዳወቅ በባጃጁ ጭኖ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ያየቻት ሐኪም ሰርካለም የምትባል፣ ድምጿ ዝግ ያለ ወጣት ናት። ቁስሉን አሽጋ ስታበቃ በመርፌ ጫፍ ጣቶቿን ነካ ነካ አደረገች።

«ይሰማዎታል?»

«ምኑ?»

ሐኪሟ ወንዳወቅን «እስቲ ደጅ ጠብቀን» አለችው። ምላሷን አየች፤ ደም አስወሰደች፤ ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

«ምን ይመገባሉ እናቴ?»

«እኔማ ምን ይጎድለኛል! ምግብ ቤት አለኝ። ምስሩ፣ ባቄላው፣ ሽንብራው፣ ጎመኑ፣ ተልባው፣ ሱፉ… እህል የተባለ ከቤቴ አይጠፋም።»

«ወተትስ? እንቁላል? ሥጋ?»

«ጾም አይደል እንዴ ልጄ?»

«ከጾሙ በፊትስ? በገና? በጥምቀት?»

ለተሥላሴ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«የሚበሉት ምግብ ጥሩ ምግብ ነው» አለች ሰርካለም። «እንዳይተዉት። ስኳርና ግፊት ያለበት ሁሉ እንደርስዎ ቢበላ ደስታዬ ነው። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ቢ አሥራ ሁለት የሚባል ቫይታሚን አለ፤ ደም የሚሠራ፣ ነርቭ የሚጠብቅ። ከእህልና ከአትክልት አይገኝም። ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው የሚገኘው። ሰውነት ያጠራቀመውን ይዞ ብዙ ይቆያል፤ ሲያልቅበት ግን እንዲህ እግር ይነሣል።»

«ጾመኛ ሁሉ እግሩን ያጣል ማለት ነው?»

«አያጣም። ጾመኛው ሲፈታ ይበላል። እርስዎ ግን የፈቱ አይመስለኝም።»

ይህች ልጅ እንዴት አወቀችብኝ ብላ ለተሥላሴ ደነገጠች። ሐኪሟ ግን አልተጫነቻትም። መርፌ እንደምትጀምርላት፣ መርፌው ቶሎ እንደሚያነሳት፣ ሆኖም ዕድሜ ልክ በመርፌ ብቻ ከመኖር ፋሲካ ሲደርስ እንቁላሉንም ወተቱንም፣ ሲገኝም ቀይ ሥጋውን መብላት እንዳለባት ነገረቻት። «ከቆየ የማይመለስ ጉዳት አለ» አለች በመጨረሻ።

«እሺ» አለች ለተሥላሴ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ሐኪሟ ያለችውን ለይታየሽ ብቻ አጫወተቻት፤ ለልጇ «ደም ማነስ ነው፣ መርፌ ታዞልኛል» ብላ አለፈችው። መርፌውንም ያለ ጭንቀት ወሰደች፤ መርፌ አይበላም፣ ስለቱም ስለ አፍ ነው ብላ። ሌላው የሐኪሟ ቃል ግን እንደ እሾህ ተሰክቶባት ቀረ። የማይመለስ ጉዳት። እግሯን ካጣች ማን ይቆምላታል? ያልተዳረ ልጇ ላይ ልትወድቅ ነው?

ፋሲካ ገባ። ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ወራት። ከተማው ሁሉ ይበላል። ለእሷ ግን የተከለከለው በቀኖና ሳይሆን በራሷ አፍ ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ከአንዲት የጋዝጊብላ ሴት እንቁላል ገዛች። ሴትየዋ ሳትጠይቃት፣ «ለልጄ ነው» አለቻት። ይህ የመጀመሪያው ውሸቷ ሆነ። እንቁላሉን ከሽንኩርቱ ሥር ቀበረችው።

በማግሥቱ ይታየሽ ሳትመጣ ቀደም ብላ ቤቱን ከፈተች። ከጠበሰችው ይሸታል፤ ስለዚህ ቀቀለችው። ስትልጠው ከመቸኮሏ ቅርፊቱ በየቦታው ተበተነ። ጨው ነሰነሰችበት። ቆማ፣ ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ፣ «አመድ ይሁንብኝ» ብላ ጎረሰችው።

አመድ አልሆነባትም። ጣማት። አስኳሉ አፏ ውስጥ ሲፈርስ የአባቷ ደጅ መጣባት፤ የትኩስ ወተት አረፋ፣ የእናቷ ቅቤ የነካው እጅ። ሁለተኛውን የላጠችው መቼ እንደሆነ አላወቀችም። ዐይኗ እንባ አቀረረ። ኃጢአት መሥራቷን ያመነችው ስለበላች ሳይሆን ስለጣማት ነበር። መድኃኒት ቢሆንማ ይመር ነበር፣ አለች በልቧ። ቅርፊቱን ለቅማ ምድጃው አመድ ውስጥ ቀበረችው።

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት መሪጌታ ኤርምያስ ገቡ። ሃምሳም ቢሆን ሽሮዋን አይተዉም። «ጥሉላት የማይነካ እጅ…» ብለው ጀመሩ። ለተሥላሴ ወጡን እንደጨለፈች ጭልፋው እጇ ላይ ቀረ። ዝም ልበል? ልንገራቸው? «ይብሉ አባቴ፣ እንዳይቀዘቅዝ» ብላ ፊቷን አዞረች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ከዚያ በኋላም በላች። አንድ ቀን እንቁላል፣ አንድ ቀን ከፃግብጂ ገጠር የመጣ ሰው ያመጣው የፍየል ወተት። ሁልጊዜ ቆማ፣ ሁልጊዜ ብቻዋን፣ ሁልጊዜ «እመቤቴ ማሪኝ» እያለች። እግሯ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰላት። ምላሷ በረደላት። ደኅና መሆኗም ራሱ አስፈራት፤ ያልከፈለችበት ነገር የወሰደች መሰላት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ጰራቅሊጦስ ሊደርስ ሲል፣ ወንዳወቅ የእህል ኩንታል ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ ባጃጁ ተገለበጠች። ተሳፋሪ አልነበረም። እሱ ግን ከሥሯ ነበር የወጣው። ለተሥላሴ ሐኪም ቤት ስትደርስ ግራ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ ፊቱ ተልጦ አገኘችው።

«ደኅና ነኝ እማ» አላት። «እጅ ብቻ ነው።»

እጅ ብቻ ነው! እሷ የሰማችው ሌላ ነው። ዘንድሮ እጁን፤ ሌላ ጊዜ ራሱን። አልጋው አጠገብ ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ደም አወጣች። እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም። ልጇን በቃል ተቀብላው ነበር፤ ቃሏን በላች፤ አሁን የተሰጣት ሊወሰድ ነው። የልጇን ክንድ የሰበረችው በገዛ ጥርሷ እንደሆነ፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ፣ ስሟን የምታውቀውን ያህል አወቀችው።

ቤት ስትመለስ የተረፉትን እንቁላሎች ለጎረቤት ሰጠች። ወተት ያለበትን ማሰሮ በአመድ ፈግፍጋ ከቤት አስወጣችው። መርፌውንም ተወች፤ ማን ያውቃል፣ እሱም ከዚያው ከከብት የሚሠራ ይሆናል ብላ። በሃምሳ ስግደት እንደሌለ እያወቀች እንኳ በየማለዳው ኪዳነ ምሕረት እየሄደች ትሰግዳለች። የደነዘዘ እግር ደግሞ ለስግደት አይመችም፤ ሲያነሱት የት እንዳለ አይታወቅም። አንድ ጠዋት ከስግደት ስትነሣ ወደቀች፤ ሁለት ሴቶች ደግፈው ቤቷ አደረሷት። ለልጇ እንዳይነግሩ ለመነቻቸው።

ወንዳወቅ እጁ በጄሶ ታስሮ ቤት ዋለ። በፊት ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ስለሚውል ያላየውን አሁን ማየት ጀመረ። እናቱ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። ለእሱ የፍየል ቅልጥም ቀቅላ፣ «አጥንት ይጠግናል» እያለች በእጇ ታጎርሰዋለች፤ ራሷ ደረቅ እንጀራ በስልጆ ትነካለች።

«አንቺስ እማ?»

«እኔ ሥጋ ሆዴ አይወስደውም፤ ታውቅ የለ።»

እንዲህ ስትለው ኖራለች። ወንዳወቅም አምኖ ኖሯል። የዚያን ቀን ግን ይታየሽ ጎመን እየቀነጠሰች አጠገባቸው ነበረች፤ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሆዷ ይወስደዋል!» አለች ጎመኑን ወርውራ። «የማይወስደው ስለቷ ነው። እትየ ለተ፣ ዛሬስ አልችልም! እግሯን እያጣች ዝም ብዬ ላይ?»

ለተሥላሴ «ይታየሽ!» ብላ ጮኸች፤ ዘግይታ ነበር። ይታየሽ ሁሉንም ነገረችው፤ የጦርነቱን ጊዜ፣ ስለቱን፣ ሐኪሟ ያለችውን፣ በምድጃ አመድ ውስጥ ያገኘችውን የእንቁላል ቅርፊት ሳይቀር። ለካስ ታውቅ ነበር።

ወንዳወቅ የያዘውን ቅልጥም መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

«በየፋሲካው ፊትሽ ተቀምጬ ስበላ ታዪኝ ነበር» አለ። «እኔ በነፃ የመጣሁ መስሎኝ እየኖርኩ ነው እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? በሕይወትህ ላይ ዕዳ አለ ልበልህ?»

«ይኸው ሆነ አይደል!»

«ሆነ!» አለች ለተሥላሴ፤ ድምጿ ተሰበረ። «ሆነማ! ስለቴን በላሁ፤ ክንድህን ሰበርኩት። እኔ ነኝ የሰበርኩህ ልጄ። እንቁላል ጣፍጦኝ ነው የሰበርኩህ።»

«ፍሬኑ ነው እማ።»

«ምን?»

«የባጃጇ ፍሬን ነው። ካረጀ ቆይቷል። መካኒኩ ቀይረው ብሎኛል፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ነው። በዚያ ቁልቁለት በዚያ ፍሬን ኩንታል የጫንኩት እኔ ነኝ፤ እመቤታችን አይደለችም፣ እንቁላልሽም አይደለም።» ደህናውን እጁን ዘርግቶ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበትን እግሯን ያዘ። «ይኼ ይሰማሻል?»

ራሷን ነቀነቀች፤ አይሰማትም።

«እንግዲህ እኔ በምን ዐይኔ ነው ይህን እግር ሳይ የምኖረው?» አለ። አለቀሰ። ካደገ ወዲህ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። የልጇን ጥፋት ሁሉ በራሷ ላይ ስትጭን ስትኖር፣ የእሷም እግር በእሱ ላይ እንደሚጫን አንድ ቀን አስባ አታውቅም ነበር።

በማግሥቱ ልጇን ይዛ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ ቄስ ወልደ ገብርኤል ሄደች። ሽማግሌው ከቤታቸው ደጃፍ ካለች የወይራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ተናዘዘች። ስለቱን፣ እንቁላሉን፣ «ለልጄ ነው» ያለችውን ውሸት፣ መሪጌታ ኤርምያስ ሲያመሰግኗት ዝም ማለቷን። ስትጨርስ መሬት መሬት እያየች ጠበቀች። ያስጨነቃት ይገሥጹኛል ብላ ብቻ አልነበረም፤ ምንም አይደለም ይሉኛል ብላም ፈርታ ነበር።

«የተሳልሽ ዕለት ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉ።

«ጨንቆኝ ነበር አባቴ። እርስዎም ያን ጊዜ ተሰደው ነበር።»

«እሱስ እውነት ነው።» መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «ልጄ፣ እመቤታችን ልጅሽን የሸጠችልሽ መሰለሽ? ልጅ ያጣች እናት ናት እኮ። የሌላ እናት እግር ምን ያደርግላታል?»

«ቃሌን ግን…»

«ቃልሽን ማክበርሽ ጥሩ። ያልሽው ግን በማታውቂው ነው። ስለቱን እኔ እለውጥልሻለሁ፤ ሥልጣኑ አለኝ። ራስሽን በመከልከል ፋንታ ሌላውን ትመግቢያለሽ። በየወሩ ኪዳነ ምሕረት በዋለች ቀን ለታመመና ላራስ የሚጠግን ምግብ ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

«እሺ አባቴ።»

«ገና አልጨረስኩም። ቀኖናም አለብሽ።»

ለተሥላሴ ቀና አለች። ስግደት ከሆነ ትወድቃለች እንጂ ትሰግዳለች።

«ሰኞ የሚገባው የሐዋርያት ጾም እስኪፈታ እንቁላልና ወተት ትበያለሽ። ሐኪሟ ይበቃሻል እስክትል። ተቀምጠሽ፣ በሩን ከፍተሽ፣ ልጅሽ እያየ።»

«በጾም?» ፊቷ አመድ ሆነ። «አባቴ፣ ሌላ ቅጣት ይስጡኝ። ሁዳዴ ሳልገድፍ ነው የኖርኩት።»

«ለዚህ ነው ይህን የሰጠሁሽ» አሉ ቄሱ።

እንደዚያ የከበደ ቀኖና ተቀብላ አታውቅም። ጾመኛ ደንበኛ ሽሮ እየበላ፣ እሷ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጣ፣ በሩ ተከፍቶ፣ የተቀቀለ እንቁላል ፊቷ ተቀምጦ! ወንዳወቅ በአንድ እጁ ሊልጥላት ሲታገል ይሰብረዋል። የመጀመሪያውን ቀን በጉሮሮዋ ማለፍ እምቢ አላት። ያን ጊዜ የጣማት ይኸው እንቁላል አሁን ሲፈቀድላት አመድ ሆነ። ልጇ እያየ ስለሆነ ዋጠችው።

መሪጌታ ኤርምያስ በሦስተኛው ቀን ገብተው አዩዋት። ለተሥላሴ ሳህኑን ልትሸፍነው እጇ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ተወችው።

«ታምሜ ነው መሪጌታ» አለች። «ከጾሙ በፊትም በልቻለሁ። እርስዎ እጄን ሲያመሰግኑ የበላሁበት ቀን ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

እሳቸውም «እግዚአብሔር ይማርሽ» አሉ። ያዘዙትን ሽሮ ግማሽ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቷ አልመጡም። መንገድ ላይ ሰላምታ አይነፍጓትም፤ ግን አልመጡም። ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎችም ቀሩ። የቀሩት ግን «ዋናው ጤና ነው እትየ ለተ» ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ። የሰው ፊት እንደሚገርፍ ታውቅ ነበር፤ የቀረ ሰው ባዶ ወንበር ግን ከሰው ፊት ይብሳል።

መርፌውንም እንደገና ጀመረች። ሐኪም ሰርካለም ያቋረጠችበትን ምክንያት ስትሰማ አልተቆጣችም። ቁጭ ብላ አመጋገቧን አብራት አወጣች። ጾሙን መጾም ትችላለች፤ መርፌውን ካላቋረጠች። በጾም ባቄላውንና ምስሩን ሳታሳንስ፣ ጎመኑን ሎሚ ጨምቃበት ትብላ። በፍስክ ቀን ደግሞ እንቁላሉም ወተቱም ከገበታዋ አይጥፋ፤ ሥጋው በዛ ብሎ ባይሆንም በዓል ሲመጣ ትቅመስ። «አንዱ አንዱን አያስወጣውም» አለቻት። «ሁለቱም ያስፈልግዎታል።»

ሰኔ ሲያልቅ ቀኝ እግሯ ላይ ሕመም መጣ። የተቃጠለው ጣት ለቀናት ሲጠዘጥዛት፣ «እሰይ! አመመኝ!» እያለች ለይታየሽ ስታወራ፣ ይታየሽ እልል አለች። የግራ እግሯ ሁለት ጣቶች ግን እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ዘግይተዋል፣ አለች ሰርካለም። ለተሥላሴ ያን ጊዜም ቢሆን ማንን እንደምትወቅስ አልተቸገረችም፤ በሃምሳ መርፌውን የተወችው ራሷ ናት።

ጸጸቱ አልተዋትም። ቄሱ ፈትተዋታል፤ ልጇም ፍሬኑን ቀይሮ ክንዱ ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። ይሁንና ማምሻውን ወንዳወቅ ሲዘገይና ስልኩ አልነሣ ሲል፣ ጠዋት የበላችው ነገር ጉሮሮዋ ላይ መጥቶ ይቆማል። ባጃጇ ደጅ ስትደርስ ነው የሚወርድላት። መጀመሪያ ይህን ለልጇ አልነገረችውም፤ በኋላ ግን ነገረችው። እሱም ሲዘገይ መደወል ጀመረ።

የፍልሰታ ጾም በገባ፣ ኪዳነ ምሕረት ልትውል ጥቂት ቀናት ሲቀራት፣ ዕለቷን ሳትጠብቅ የተለወጠ ስለቷን ልትፈጽም ወጣች። ከሰፈሩ ዳር የምትኖር ዓይናዲስ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፤ እርጉዝ ናት፣ ከስፌት መኪናዋ ስትነሣ ዐይኗ እየጨለመባት ግድግዳ ትይዛለች። ለተሥላሴ ትኩስ ወተት በፔርሙስና የተቀቀለ እንቁላል በጨርቅ ይዛ ሄደች።

«ፍልሰታ ነው እኮ እትየ» አለች ዓይናዲስ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። «የእመቤታችን ጾም! ምን አፍ አለኝ? ልጁን በሰላም እንድትሰጠኝ እኮ ነው የምጾመው።»

ለተሥላሴ እንዲህ ያለ ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።  ብዪ ብትላትና ልጁ አንድ ነገር ቢሆን? ተዪ ብትላትና እናቱ ብትወድቅ? አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ የግራ እግሯን አሳየቻት።

«ይኼ አይሰማኝም» አለች። «ለምን እንደማይሰማኝ ልንገርሽ። ከዚያ አብረን ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን፤ ከዚያ ንስሐ አባትሽ ጋ እንሄዳለን። እኔ ብዪ አልልሽም፣ አትብዪም አልልሽም። ብቻሽን ግን አትወስኚ እቴ።»

ዓይናዲስ እግሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አነሣች።

አቀበቱን አብረው ሲወጡ ለተሥላሴ ደጋፊ፣ ዓይናዲስ ተደጋፊ ይሁኑ፣ ወይስ በተቃራኒው፣ የሚያያቸው ሰው ሊለይ አይችልም ነበር። ለተሥላሴ ልክ ተናግራ እንደሆነ እየተጨነቀች፣ የፔርሙሱን ክዳን ደጋግማ እያጠበቀች ሄደች።